ከዓረብ አገር ለሚመለሱ እህቶቻችን በደሴ ቤት እንክፈት

ወገኖቼ፣ ከዓረብ አገር ተጎድተው ለሚመለሱ እህቶቻችን በደሴ ከተማ የማረፊያና የሙያ መማሪያ ቤት ልንከፍት ተነሥተናል። ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገን 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ነው። በአገር ቤት፣ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌላም አገር የምትኖሩ የወሎ ልጆችና የወሎ ወዳጆች ሁሉ የአቅማችሁን እንድታዋጡ ልለምናችሁ ነው የምጽፈው። ብሩ ምን ላይ እንደሚውል ዝቅ ብዬ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ቤት ለምን እንዳስፈለገ፣ ለምንስ ደሴ ላይ እንደሆነ ስሙኝ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሬዲዮ ነው። የስደት ጉዳይ ዋና ሥራዬ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ቤሩት ውስጥ በቆንስላችን ደጃፍ አንዲት እህታችን ስትጎተትና በግድ መኪና ውስጥ ስትገፋ የሚያሳየው ቪዲዮ ሲወጣ ዓለም ሁሉ አየው፤ ከቀናት በኋላ በተኛችበት ሆስፒታል ሕይወቷ አለፈ። ኅዳር 2006 ላይ ሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን በጅምላ ማባረር ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ቦሌ ቆመን ድምፅ እንቀዳ ነበር። ዓመታት የሠራችበትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛ ከአውሮፕላን የወረደች ሴት ብዙ አይቻለሁ። በ2012 ደግሞ ሊባኖስ በኢኮኖሚ ቀውስና በኮሮና ስትናጥ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው እያመጡ እዚያው ቤሩት ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ይህንንም ዘገብን።

በዜና አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። ካሜራና ማይክሮፎን ባይኖር ኖሮ ከእነዚህ አንዱንም አናውቀውም ነበር። ጋዜጠኝነቱን ትቼ ወደዚህ ሥራ የገባሁት ግን በአንድ ስልክ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ እንዳለቀ የስቱዲዮው ስልክ ጠራ። ከሐርቡ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ የደወሉ አባት ናቸው። «ልጄ፣ ስለ ቤሩት ስትናገሪ ሰማሁሽ» አሉኝ። «የኔዋም ከዚያው መጥታለች። ሌሊት ሌሊት ትጮሃለች፤ ጎረቤቱ ጂን ነው ይላል። እኔ አሁን የት ልውሰዳት?» የምሰጣቸው አድራሻ አልነበረኝም። ስለ ሴቶቹ አካሄድና ስለ አሟሟታቸው ስንት ሰዓት አውርተናል፤ በሕይወት ስለተመለሰችውና ከአባቷ ቤት ጥግ ስለተቀመጠችው ግን የሚያወራ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ቤት ተከራይተን ጀመርን። ሰፈሩን አልጽፍም፤ ለሴቶቹ ደኅንነት ሲባል ነው፤ ደላላ ይፈልጋቸዋል።

ቤቱ ውስጥ ስለምናየው ነገር ጥቂት ልበል። ከባቲ በኩል የመጣች ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋን ፓስፖርቱ 26 ይላል፣ እናቷ ግን ገና ሃያ አልሞላትም ይላሉ። የእጆቿ መዳፍ በበረኪና ተልጦ እንደ አዲስ ቁስል ቀልቷል፤ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ደረጃ ያለ ጓንት በየቀኑ ስታጥብ ኖራለች። የምትተኛው ኩሽና ወለል ላይ ነው። ስልኳን ማዳሟ በደረሰችበት ዕለት ወስዳባታለች፤ ፓስፖርቷን ደግሞ ቆልፋባታለች። ደመወዝ ስትጠይቅ «ስትሄጂ አንድ ላይ እሰጥሻለሁ» ትባል ነበር፤ ስትሄድም አልተሰጣትም። እኛ ዘንድ ከመጣች በኋላ ውሃ ለመጠጣት ታስፈቅድ ነበር። ሰው ወደ ክፍሉ ከገባ ብድግ ትላለች፤ ተቀመጪ ካላሏት አትቀመጥም። ትራሷ ስር ደረቅ ዳቦ እናገኝ ነበር።

ለመጣች ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምንሰጣት የክፍሏን ቁልፍ ነው። እዚያ በር የሚቆለፍባት ከውጭ ነበር፤ እዚህ ከውስጥ ቆልፋ ትተኛለች። ይህቺ ልጅ የመጀመሪያውን ሌሊት ቁልፉን ስታዞርና ስትመልስ አደረች፤ ሞግዚቷ ከኮሪደሩ ሆና ሰምታታለች። በሳምንቱ በቀን ተኛች። እንቅልፍ መተኛቷን ለእናቷ ደውለን ስንነግራቸው እልል አሉ።

«ወዳ ነው የሄደችው» የሚሉኝ አሉ። ብዙ ጊዜ የምሰማው ከራሳችን ሰው ነው፤ ከለቅሶ ቤትም፣ ከሠርግ ቤትም። አዎ፣ ወዳ ነው የተሳፈረችው። አባቷም በሬ ሸጠው ወይም በአራጣ ተበድረው ነው የላኳት። ግን ከፋላ በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአንድ ከፊል፣ ማለትም ዋስ ከሆናት አሠሪ ጋር የታሰረ ነው፤ እሱ ካልፈቀደ አሠሪ መቀየር አትችልም፤ ከቤቱ ከወጣች «ጠፍታለች» ተብላ ትከሰሳለች፣ ትታሰራለች። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነአካቴው ከጥበቃው ውጭ አድርጓታል። ሳዑዲም እ.ኤ.አ. በ2021 አሠሪ መቀየርን ያቀለለውን ማሻሻያ ስታወጣ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። እንግዲህ ፓስፖርት የተቀማች፣ ደመወዝ የተከለከለች፣ በር የተቆለፈባት፣ ብትወጣ የምትታሰር ሴት በፈቃዷ ነው የምትሠራው ማለት እንዴት ይቻላል? በሰው መነገድን የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት፣ የፓሌርሞው ፕሮቶኮልም፣ አገራችን የተቀበለችው ማለቴ ነው፣ በማታለል ወይም በማስገደድ የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ ተብሎ አይቆጠርም ይላል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 18 ባርነትንም በሰው መነገድንም ከልክሏል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ግምት መሠረት 50 ሚሊዮን ሰው በዘመናዊ ባርነት ውስጥ ይኖራል፤ ከዚህ ውስጥ 27.6 ሚሊዮኑ በግዳጅ ሥራ ላይ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ «ልጃችንን ባሪያ አትበሉብን» ይለኛል፤ ስሜታቸው ይገባኛል። ነውሩ ግን የያዛት ሰው ነው፤ የእሷ አይደለም። በስሙ ካልጠራነው ደግሞ ሕግ ፊት ልናቆመው አንችልም።

አሁን ወደ ደሴ ልመለስ። አዲስ አበባ ያለው ቤታችን ለሳምንታት የሚያሳርፍ ነው። ከዚያ አውቶቡስ አሳፍረን ወደ ወሎ እንልካለን፤ ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ስትልክ የኖረችው ብር ቆርቆሮ ሆኗል፣ የወንድም ትምህርት ሆኗል፣ አልቋል። የተበደሩበት አራጣ ግን ወለድ እየወለደ ይጠብቃታል። ጎረቤት «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይላታል። ደላላው ሩቅ አይደለም፤ የመንደሩ ሰው ነው፤ የአንዷ አጎት፣ የአንዷ ክርስትና አባት ነው። ወር ሳይሞላ ይመጣና «አሁን ሌላ አገር ነው፣ ይሻላል» ይላታል። በኤጀንሲ የሚከፈል ገንዘብ ከሌላት ደግሞ በባቲና በአፋር አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ይሸኛታል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ ያሰፈረው በዚሁ መንገድ መጨረሻ ላይ ስለሆነው ነው። ይህን እያወቀች የምትሄድ ሴት አለች። አባቷ ቤት የሚጠብቃት ነገር ከዚያ የባሰ መስሎ ስለታያት ነው። የ2014ቱ ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ የስንቱን ሱቅና ከብት ይዞ እንደሄደ ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ቤቱ ዕዳው ባለበት፣ ቤተሰቡ ባለበት፣ ደላላው ባለበት አካባቢ መሆን አለበት። ደሴ ከከሚሴም፣ ከሐይቅም፣ ከኩታበርም፣ ከኮምቦልቻም እናት ተሳፍራ ልጇን ጠይቃ በዕለቱ የምትመለስበት ከተማ ነው። ሆስፒታሉም፣ ገበያውም እዚያው አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽማግሌ አለን። አስታራቂ አባቶቻችን አባጋሮችና የቅሬ (የእድር) ዳኞች፣ ሼህና ቄስ አብረው ሲቀመጡ አራጣ አበዳሪ ወለዱን ይተዋል። በሙከራ ጀምረነው አይተነዋል፤ ከአዲስ አበባ ሆነን በስልክ ስንለማመጥ ለወራት እንቢ ያለ ሰው፣ ሽማግሌዎቹ ቡና ተፈልቶላቸው ቤቱ በተቀመጡበት ዕለት ዋናውን ብቻ ለመቀበል እሺ ብሏል። ይህ የወሎ ሀብት ነው፤ በገንዘብ አይገዛም።

ቤቱ በአንድ ጊዜ 12 ሴቶች ይቀበላል። አንዲት ሴት እስከ ስድስት ወር ትቆያለች፤ በዓመት 24 ሴቶች ማለት ነው። የአእምሮ ጤና ነርስ ትከታተላቸዋለች። ስፌት ይማራሉ፤ ስፌት ያልሆነላት ሌላ ሙያ ትመርጣለች። ሲወጡ መነሻ ይሰጣቸዋል።

ወጪውን እነሆ። የግቢው ኪራይ በወር 40 ሺህ፣ በዓመት 480 ሺህ ብር ነው። ምግብ ለአንዲት ሴት በወር 5 ሺህ ብለን አስበን 720 ሺህ ይሆናል፤ ጤፉ እንደምታውቁት ነው፣ ከዚህ ዝቅ ማድረግ አልቻልንም። የነርሷ፣ የሞግዚቷና የጥበቃው ደመወዝ 432 ሺህ። ስምንት የስፌት መኪና 280 ሺህ። ለ24ቱ ሴቶች መነሻ ለእያንዳንዳቸው 12 ሺህ 500፣ በድምሩ 300 ሺህ። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና የበር ቁልፍ 188 ሺህ። የደሴን ብርድ ለምታውቁ ሰዎች ብርድ ልብሱ ለምን ድርብ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለእኔ ለአስተባባሪዋ ከዚህ ውስጥ ደመወዝ የለም።

ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፦ አንደኛዋ እኔ፣ ሁለተኛው የቅሬ ዳኛ፣ ሦስተኛዋ እኛ ዘንድ አርፋ ዛሬ የራሷን ልብስ ስፌት ቤት የከፈተች ሴት ናት። የሷን ፊርማ ያስገባነው ለጌጥ አይደለም፤ ብሩ ምን ላይ መዋል እንዳለበት ከሁላችንም በላይ እሷ ታውቃለች። በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪ ለሰጪዎች ሁሉ ይላካል።

ሙሉ ወጪውን አንድ ሰው እንዲሸፍንልን አንጠብቅም። አንድ ማኅበር የአንድ ወር ኪራይ ቢይዝልን፣ ሠርግ የምታዘጋጁ ቤተሰቦች የአንዲት ሴት መነሻ ብታዋጡ፣ ኮምቦልቻና ደሴ ያላችሁ ባለ ሱቆች ጨርቅና ክር ብትሰጡን ሥራው ይጀመራል። የሕግ ባለሙያዎች ደግሞ ያልተከፈለ ደመወዝ ክስ የምትከታተሉልን እንፈልጋለን፤ በሰው መነገድን በሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደላላ ከሰን ምስክር እስከማቅረብ የደረስንባቸው ጉዳዮች አሉ።

በጅዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይ፣ በኩዌትና በቤሩት በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቼ የተለየ ቃል አለኝ። እናንተ ልባችሁ ቀድሞ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። እባካችሁ ለዚህ መዋጮ አትላኩ። ከደመወዛችሁ ላይ በራሳችሁ ስም፣ በራሳችሁ የባንክ ደብተር አስቀምጡ፤ ለቤተሰብ የምትልኩት ከዚያ የተረፈውን ይሁን። ከእናንተ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ አዲስ የመጣች ልጅ ካገኛችሁ የወላጆቿን ስልክ ጠይቃችሁ ያዙላት፣ የቤቱን አድራሻ በፎቶ አስቀሩላት፣ ከጠፋችም ለእኛ ንገሩን።

የኪራይ ውሉን መስከረም ሳያልቅ መፈረም አለብን፤ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ማለትም 240 ሺህ ብር ይጠብቃሉ። መዋጮ በባንክ ብቻ ነው የምንቀበለው፤ የሒሳብ ቁጥሩን ይህን ጽሑፍ ካደረሳችሁ የአካባቢያችሁ አስተባባሪ ውሰዱ፣ ስትከፍሉም ደረሰኝ ጠይቁ። በእኛ ስም ጥሬ ገንዘብ በእጅ የሚሰበስብ ሰው ካጋጠማችሁ አትስጡት፤ ለአስተባባሪው ደውሉ።