ዕጣ የወጣለት ልጅ ሽንት ምን ሊነግረን ይችላል?

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የአንባብያን ዓምድ ላይ አንድ አባት፣ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ያለ ማስጠንቀቂያ በዕጣ እየመረጡ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ እንዲያደርጉላቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፈው አነበብኩ። ደብዳቤው ልጁን እንዳያጣ ከሚፈራ ሰው የወጣ መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ያስታውቃል፤ እኔም ሁለት ልጆች የማስተምር እናት በመሆኔ ፍርሃታቸውን እጋራለሁ። ይሁን እንጂ 19 ዓመት በሕክምና ላቦራቶሪ የሠራሁ፣ አብዛኛውን ጊዜዬንም የሽንት ናሙና በመመርመር ያሳለፍኩ ባለሙያ ስለሆንኩ፣ እኚህ አባት ተስፋ የጣሉበት ምርመራ የሚያስቡትን ያህል ሊነግራቸው እንደማይችል ሳልጽፍ ብቀር ሕሊናዬ አያርፍም።

ትምህርት ቤቶች አቅማቸው ሊፈቅድላቸው የሚችለው እኛ የማጣሪያ ምርመራ የምንለውን ነው። ስትሪፕ የሚባል ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት ሽንቱ ውስጥ ይነከርና በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ ይነበባል። ስትሪፑ ላይ ያለው አንቲቦዲ (አንድን ንጥረ ነገር ፈልጎ የሚይዝ ፕሮቲን) ግን የሚፈልገውን ንጥረ ነገር የሚለየው በቅርጹ ነው፤ ቅርጹ የሚቀራረብ ሌላ ነገር ሲያጋጥመው ሊሳሳት ይችላል። ለአፍንጫ መታፈን የሚታዘዝ ሱዶኤፌድሪን ያለበት መድኃኒት አምፌታሚን የተባለውን አነቃቂ ዕፅ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በማጣሪያ ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነ ናሙና ለእኛ ገና ያልተወሰነ ጉዳይ ነው። እርግጡን የሚናገረው ጋዝ ክሮማቶግራፊንና ማስ ስፔክትሮሜትሪን አጣምሮ በሚሠራ፣ ማለትም ንጥረ ነገሮቹን ነጣጥሎ እያንዳንዱን በክብደቱ በሚለይ መሣሪያ የሚደረገው የማረጋገጫ ምርመራ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው፤ ቀናት ይወስዳል፤ በየላቦራቶሪውም አይገኝም።

«መሣሪያው መቶ በመቶ ባይሆንም 95 በመቶ ትክክል ከሆነ ይበቃል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል፤ ነገሩ የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። እስኪ አንድ ሺህ ተማሪዎች ያሉበትን ትምህርት ቤት እናስብና ከእነሱ መካከል ዕፅ የሚጠቀሙት 20 ብቻ ናቸው እንበል። ምርመራው የሚጠቀመውንም የማይጠቀመውንም በ95 በመቶ ትክክለኛነት የሚለይ ከሆነ ከ20ዎቹ 19ኙን ያገኛቸዋል። የማይጠቀሙት ግን 980 ናቸው፤ የእነሱ 5 በመቶ 49 ልጆች ይሆናል። እንግዲህ ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ከሚደርሳቸው 68 ልጆች መካከል 49ኙ ምንም ያልነኩ ናቸው ማለት ነው። ስሌቱ የምሳሌ ስሌት ነው፤ የመሣሪያው ጥራት ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። ነገር ግን ችግሩ ያለባቸው ልጆች ጥቂት በሆኑ ቁጥር በስህተት የሚወነጀሉት ድርሻ እየጨመረ መሄዱ በየትም ቦታ የማይቀር ነው። ምልክት ያሳየን አንድ ታማሚ መመርመርና ምንም ምልክት የሌለበትን ሕዝብ በጅምላ መመርመር በሙያችን የተለያዩ ሥራዎች የሆኑትም ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ምርመራው የሚያመልጠው ነገር ብዙ ነው። አልኮል ከሽንት ውስጥ በሰዓታት ይጠፋል፤ ማታ የጠጣ ልጅ በማግስቱ ረፋድ ላይ ቢጠራ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ኮኬይንና አምፌታሚን ከሁለት እስከ አራት ቀን ያህል ይታያሉ። የካናቢስ ዱካ ግን በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ አዘውትሮ የሚጠቀም ሰው ካቆመ በኋላ እንኳ እስከ አንድ ወር ድረስ ሊታይ ይችላል። ማስቲሽ፣ ቤንዚንና እነዚህን የመሰሉ የሚሸተቱ ነገሮች፣ በአንድ ቀን ልብን አዛብተው ሊገድሉ የሚችሉ ሆነው ሳለ፣ በተለመደው የሽንት ምርመራ ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ የሉም። ይህን ልዩነት ተማሪዎች ከእኛ ቀድመው ነው የሚያውቁት። በዕጣ ልመረመር እችላለሁ ብሎ የሚሰጋ ልጅ ልማዱን ትቶ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ወደሚጠፋውና ወደማይመረመረው ፊቱን አዙሮም ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ላይ ሁለቱም ኔጌቲቭ ሆነው ስለሚመጡ ትምህርት ቤቱ አንዱን ከሌላው የሚለይበት መንገድ የለውም።

ከዓመታት በፊት የገጠመኝን አንድ ነገር ልጨምር። የ16 ዓመት ልጅ ናሙና ወደምሠራበት ላቦራቶሪ መጣ፤ የማጣሪያው ውጤት ለኦፒየት፣ ማለትም ለሞርፊንና ለመሰሎቹ፣ ፖዘቲቭ ሆነ። ውጤቱን የጠየቀው ተቋም የማረጋገጫ ምርመራውን ሳይጠብቅ ለልጁ አስተማሪዎች ተናገረ፤ ከአስተማሪዎቹም ወደ ክፍል ጓደኞቹ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን እናቱ ኮዴይን ያለበትን የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይዘው መጡ። ኮዴይን በሰውነት ውስጥ በከፊል ወደ ሞርፊን ስለሚቀየር ነገሩ ሁሉ በግልጽ ተብራራ፤ ማረጋገጫውም ከመድኃኒቱ ጋር የሚስማማ ሆነ። የታረመውን ወረቀት ስሰጣቸው እናትየው ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩትና «እህቴ፣ ይህን አሁን ለማን ነው የማሳየው?» አሉኝ። የሰሙት ሁሉ ስንት እንደሆኑ፣ እነማን እንደሆኑ አያውቁም ነበር። ልጁ ዓመቱን ሳይጨርስ ትምህርት ቤት እንደቀየረ በኋላ ሰማሁ። በዚያ ናሙና ላይ እኔ ያጠፋሁት ነገር አልነበረም፤ ስትሪፑም ኦፒየት ማግኘቱ እውነት ነበር፤ ሆኖም ያ ልጅ ተጎዳ።

መድኃኒት ሲነሣ ብዙዎች ያላሰቡት ሌላ ጉዳይ አብሮ ይነሣል። የተሳሳተ ውጤት እንዳይወጣ ተመርማሪው የሚወስደውን መድኃኒት አስቀድሞ መናገር አለበት። የሚጥል በሽታ ያለባት ተማሪ ፌኖባርቢታል የምትወስድ ከሆነ ምርመራው መድኃኒቱ ለሚመደብበት ለባርቢቹሬት ቡድን ፖዘቲቭ ያሳያል፤ ከጥርጣሬ ለመዳን ያላት አማራጭ ከጓደኞቿ የደበቀችውን ሕመም ለትምህርት ቤቱ መግለጽ ብቻ ነው። በአሜሪካ የኦክላሆማ ግዛት ቴከምሴ በምትባል ከተማ ምርመራውን የተቃወሙ ተማሪዎች ክስ ሲመሠርቱ ካቀረቧቸው አቤቱታዎች አንዱ፣ የመዘምራን መምህሯ ተማሪዎች የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ሌሎች ሊያዩት በሚችሉበት ቦታ ትታው ነበር የሚል ነው።

እኚህ አባት «በሠለጠነው ዓለም ፍርድ ቤት የፈቀደው ነው» ብለዋል፤ በእርግጥም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ጊዜ ፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ1995 በኦሪገን ግዛት ቨርኖኒያ በሚገኝ ትምህርት ቤት ስፖርተኛ ተማሪዎች እንዲመረመሩ በ6 ለ3 ድምፅ ሲፈቅድ፣ በ2002 ደግሞ በቴከምሴው ጉዳይ በ5 ለ4 ድምፅ ፈቃዱን ከመደበኛ ትምህርት ውጪ በሚደረጉ የውድድር ክበባት ሁሉ ለሚሳተፉት አስፍቶታል። በቨርኖኒያ በየሳምንቱ ከስፖርተኞቹ 10 በመቶው በዕጣ ይመረጡ ነበር፤ ዕጣውን የሚያወጣውም ሁለት አዋቂዎች ቆመው እያዩት አንድ ተማሪ ራሱ ነበር። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ የመለሰው ጥያቄ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ወይ የሚለውን እንጂ ልጆችን ከሱስ ያድናል ወይ የሚለውን አልነበረም። የተፈቀደውም ለስፖርተኞችና ለክበብ አባላት ነው፤ ትምህርት ቤት የመጣውን ሁሉ እንዲመረምሩ አልተፈቀደም። በ2002ቱ ውሳኔ በልዩነት የቆሙት ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ እንዳመለከቱት፣ በክበባት የሚሳተፉ ተማሪዎች ለዕፅ የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ወደ ክበብ ለመግባት ሽንት የሚጠየቅበት ደንብ፣ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠውን ልጅ ከሚጠብቀው ቦታ ሊያርቀው ይችላል።

ያድናል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን የተሠሩ ጥናቶች አሉ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ከ76 ሺህ ገደማ ተማሪዎች በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርተው ባወጡት ጥናት፣ ምርመራ በሚያደርጉና በማያደርጉ ትምህርት ቤቶች መካከል በዕፅ ተጠቃሚነት ረገድ ልዩነት አላገኙም። የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር የምርምር ተቋም በ36 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስጠንቶ በ2010 ያወጣው ሪፖርት ደግሞ ለእኚህ አባት ሐሳብ የሚያግዝ ነገር አለው፤ እሱን ማለፍ ታማኝነት አይሆንም። ምርመራው በተጀመረባቸው ትምህርት ቤቶች ለምርመራው ከተመደቡት ተማሪዎች ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የሚመረመረውን ዕፅ ተጠቅመናል ያሉት 16 በመቶ ሲሆኑ፣ ባልተጀመረባቸው 22 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ያው ሪፖርት ወደፊት ዕፅ ለመጠቀም ባላቸው ሐሳብ ላይ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አላገኘም፤ ለምርመራው ያልተመደቡት የእነዚያው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችም ልማዳቸውን ሲቀንሱ አልታዩም። እኔ ከዚህ የምረዳው ምርመራው አንዳንዱን ልጅ ዕጣ እስኪያልፍለት እንዲጠነቀቅ ቢያደርገውም ፍላጎቱን እንዳልነካው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው አቋም፣ ስለ ጥቅሙ በቂ ማስረጃ ባለመኖሩ አሠራሩ በስፋት እንዲተገበር አይደግፍም።

ከቁጥሩ ሁሉ በላይ ግን የሚያስጨንቀኝ በአስተማሪውና በተማሪው መካከል ያለው ነገር ነው። ወደ ሱስ የሚያዘነብልን ልጅ አስቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ አብሮት የሚቀመጠው ጓደኛው ነው። ያ ጓደኛ አንድ ቀን ደፍሮ፣ ከእረፍት ሰዓት በኋላ ወደሚያምናት መምህር ጠጋ ብሎ «ስለ እገሌ እፈራለሁ» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ቃል የሚወጣው መምህሯ ነገሩን ይዛ ልጁን የምትረዳ እንጂ የምታስቀጣ አለመሆኗን ሲያምን ነው። ያው መምህር በመጸዳጃ ቤት በር ቆማ ሽንት የምትቀበል ከሆነች፣ ናሙናው እንዳልተቀየረ ለማወቅ ሙቀቱን የምትለካ ከሆነች፣ እንደቀድሞው የሚያምናት ተማሪ ይኖራል ብዬ አላስብም።

ዝም ብለን እንቀመጥ ማለቴ እንዳይደለ እኚህ አባት እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 33 ሕፃናትን ከአደንዛዥ ዕፅ መጠበቅን የመንግሥታት ግዴታ ያደርገዋል፤ በአንቀጽ 16 ደግሞ ሕፃኑ በግል ሕይወቱ ያለ አግባብ ጣልቃ እንዳይገባበት ይደነግጋል። አንዱን ለመፈጸም ሌላውን መሻር አያስፈልግም። ከክፍል መቅረት ያበዛ፣ ውጤቱ ባልታወቀ ምክንያት ያሽቆለቆለ፣ ጠባዩ የተለወጠ ልጅ ሲኖር ወላጅ ይጠራ፤ ልጁም ወላጁም ተስማምተው ምርመራ ቢያስፈልግ በጤና ተቋም ይደረግ፤ የማረጋገጫ ውጤቱ ሳይመጣም ለማንም አይነገር። ውጤቱ በሕክምና ምስጢርነት በሐኪሙ ዘንድ ይቀመጥ፤ ወደ ትምህርት ቤቱ የተማሪ ማኅደር ግን ፈጽሞ አይግባ። ይህም ቢሆን ልጁን የሚያነጋግር የሠለጠነ አማካሪ ከሌለ ትርጉም የለውም፤ የመመርመሪያ ኪት ለመግዛት የሚመደበው ገንዘብ መጀመሪያ ለእንዲህ ያለ ሰው ደመወዝ ቢውል እመርጣለሁ።

የልጆቻችን ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ በዚህ ጉዳይ ድምፅ እንድንሰጥ ቢጠራን፣ እኚህ አባት እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሁለት ነገር እንዲጠይቁ እለምናቸዋለሁ፦ በማጣሪያው ፖዘቲቭ የሆነ ልጅ ማረጋገጫው እስኪመጣ ባሉት ቀናት ማን ስሙን ያውቃል? ውጤቱ እውነት ሆኖ ቢገኝስ በማግስቱ ጠዋት ልጁ ሄዶ የሚያናግረው ሰው ማን ነው? ኮሚቴው ለሁለቱም ሰውና ቢሮ ጠቅሶ መመለስ ካልቻለ፣ ምርመራው እንዲቆይ ድምፃቸውን ይስጡ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያና የሁለት ተማሪዎች እናት