ልጁ ራሱ ሲያስረዳ፦ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ይህ ክበብ ወላጅ ከመጥራት ሌላ ምን ይሠራል?» ሲባል ዓመቱን ሙሉ ሰምተናል። ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ከሆነ ጥሪው ክስ ይሆናል፤ እኛ የደከምነው ይህን ለመለወጥ ነው።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በምዝገባ፣ በኮሚቴ ምርጫና በዕቅድ አለፈ። አባላቱ እ.ኤ.አ. በ1989 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም አንብበው ተወያዩበት። አንቀጽ 18 ልጅን የማሳደግ ኃላፊነት የሁለቱም ወላጆች ነው ይላል። ተማሪዎቹን ይበልጥ የያዛቸው ግን ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡ ይደመጥ የሚለው አንቀጽ 12 ነበር። «ታዲያ ስለ እኛ ውጤት ሲወራ እኛ ለምን ውጭ እንቆማለን?» አለች አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ። የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ከዚህ ጥያቄ ተነሣ።

በውጤት መግለጫ ቀን ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ይዘው ለወላጆቻቸው ራሳቸው አስረዱ። አጠገባቸው የተቀመጥኩት አባት ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው የሒሳብ ፈተናውን ዘርግቶ ማርኩን ሊነግራቸው ሲል «ማርኩን ተወውና የሳትከውን አሳየኝ» አሉት። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደመሩ ሁለት አምስተኛ ብሎ ጽፏል። ማስረዳት ጀመረና መሃል ላይ ቆመ። «ቆይ፣ ግማሽ ላይ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል?» አለ። እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ሁለቱንም ወደ ስድስተኛ ቀየራቸውና አምስት ስድስተኛ ብሎ አረመ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አባቱ ወደ ሒሳብ መምህሩ ዞረው «እኔ ማታ ማታ እንዲህ ሲያስረዳኝ እሰማዋለሁ፤ እርስዎም ከኤክሱ ጎን ለምን እንደሳተ ይጻፉለት» አሏቸው። መምህሩ ከዚያ ወዲህ ይጽፋሉ፤ ልጁም እንደገና ሠርቶ ያመጣል። ያልተማረ ወላጅ ልጁን ማገዝ አይችልም የምትሉ ባልደረቦቼ ያን ቀን በነበራችሁ!

ከወላጆች ጋር ያደረግነው ሁለተኛው ውይይት ግን አልተሳካም። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ስለተደረገ የመጣው ወላጅ ጥቂት ነበር። ሰውን በሥራ ሰዓቱ ጠርቶ «ወላጅ ግድ የለውም» ማለት ፍትሐዊ አይደለም። አዳራሹ ቅዳሜ እንዲከፈትልን ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው። የጥሪ ደብዳቤ የምናባዛውም ከመምህራን ኪስ በሚዋጣ ገንዘብ ነው፤ ይህ በትምህርት ቤቱ በጀት ሊያዝ ይገባል። ከየክፍሉ ደግሞ ሌሎች ወላጆችን የሚያስተባብሩ ሁለት ሁለት ወላጆች እንፈልጋለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ በክፍል ኃላፊ መምህራን በኩል ተመዝገቡ።