ደብዳቤ ለልጄ፦ ያልሆንሽውን ነኝ አትበይ

የኔ እናት፣

ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ ነበር። ስለ ሲያትሉ ሥራ ደስ ብሎት ሲያወራ አንድ ነገር አመለጠው። ከቀጣሪዎቹ ጋር ያገናኘሽ ሰውዬ «ደብዳቤው ላይ ሲስተምስ አናሊስት ብለን እንጻፈው፤ ከገባሽ በኋላ ያው ኮድ ነው የምትጽፊው» ብሎሻል አለኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናትሽ ተኝታለች። እኔ ኩሽና ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ። በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ እንደምታልፊኝ አውቃለሁ።

ያልሆንሽውን ነኝ አትበይ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ቲኤን የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ፈቃድ ቀላል ነው ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው። የአጎትሽ ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ በየዓመቱ ዲቪ ሲሞላ ኖሯል። ኤች ዋን ቢ ለሚባለው ፈቃድ ደግሞ የዓለም ሕዝብ በዓመት ለ85,000 ቦታ በዕጣ ይጋፋል። አንቺ ግን የካናዳ ፓስፖርትሽን፣ ዲግሪሽንና የአሠሪሽን ደብዳቤ ይዘሽ ፒርሰን ኤርፖርት መሄድ ብቻ ነው። የአሜሪካው ኢሚግሬሽን ሰው እዚያው ቶሮንቶ ውስጥ ያይሽና እስከ 3 ዓመት ይሰጥሻል። ዕጣ የለ፣ ኮታ የለ። ይህ ሁሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ከጀመረው ናፍታ ከሚሉት የንግድ ስምምነት ነው። በ2020 ስምምነቱ በአዲስ ተተካ፤ ፈቃዱ የሚሰጥባቸው ሙያዎች ዝርዝር ግን ያው የድሮው ነው ማለት ይቻላል።

ጣጣው ያለው እዚህ ዝርዝር ላይ ነው። ከ60 በላይ ሙያ ተጽፎበታል። ኢንጂነር አለ፣ አካውንታንት አለ፣ ነርስ አለ። ላይብረሪያንና የደን ባለሙያ ሳይቀሩ አሉ። ኮድ የሚጽፍ ፕሮግራመር የሚል ግን የለም። ዝርዝሩ ሲወጣ አንቺ ገና አልተወለድሽም። ሰውዬሽ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለዚህ ነው ዝርዝሩ ላይ ባለው፣ ሲስተምስ አናሊስት በሚለው ስም ሊያሳልፍሽ የፈለገው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሳሎን የተሰቀለውን የእቴቴን ፎቶ ታውቂዋለሽ። ትንሽ ሆነሽ ቀዩን ጫማ ከዋሽንግተን የላከችልሽ አክስትሽ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆንሽ «ቀብሯ ላይ ለምን አልተገኘህም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሥራ ነበረብኝ አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ታክሲ እየነዳሁ ነበር። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያመጣሁት የኢንጂነሪንግ ዲግሪ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ወረቀት አስጨራሽ ነኝ የሚል ሰው ዲትሮይት ሥራ አገኘልኝ። ሥራው መጋዘን መቆጣጠር ነው። ደብዳቤው ግን «ኢንጂነር» ይላል። ዲግሪው እውነተኛ ነው፣ ዜግነቴም ካናዳዊ ነው፤ ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ውሸቱ ሥራው ላይ ነበር።

ዊንዘር ደርሼ ወደ ዲትሮይት የሚያሻግረውን አምባሳደር ድልድይ ተሻገርኩ። የኢሚግሬሽን መኮንኑ ትሁት ሰው ነበር። ደብዳቤውን አነበበና «ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምትሠራው ምንድን ነው?» አለኝ። ይህን ብቻ ነው የጠየቀኝ። እኔም ስለ ዲዛይን ቀባጠርኩ። ስልኩን አንስቶ ደብዳቤው ላይ ወዳለው ቁጥር ደወለ። ያነሳው ሰውዬ ምንም ሳይጠረጥር «አዎ፣ ለመጋዘኑ ያመጣነው ሰውዬ ነው» አለው። አሻራዬን ወሰዱ፣ ፎቶ አነሱኝ፣ ለ5 ዓመት አሜሪካ እንዳልገባ የሚል ወረቀት ሰጥተው መለሱኝ። ያን ወረቀት አስጨራሽ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም።

በሦስተኛው ዓመት እቴቴ ታመመች። በስልክ «ወንድሜ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኝ ነበር። ለእሷም አልነገርኳትም። «እየጨረስኩ ነው» እላታለሁ። እንደዚያ እያልኳት ሞተች። ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻል እንደነበር የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን አፍሬ ማንንም አልጠየቅኩም። አሳድጋኛለች እኮ። በጀርባዋ አዝላ ወንዝ ታሻግረኝ የነበረችውን ሴት እኔ አንድ ድልድይ ተሻግሬ አልቀበርኳትም።

ስለዚህ ያልሆንሽውን ነኝ አትበይ።

ሥራውን ተይው አላልኩሽም። መጀመሪያ አለቃ የምትሆንሽን ሴትዮ ራሷን በቀጥታ ጠይቂያት። ሥራው በእውነት ሲስተም ማጥናት፣ የተጠቃሚውን ፍላጎት መተንተን፣ አሠራሩን መንደፍ ከሆነ፣ ኮዱም ከዚያ ጋር የሚመጣ ትንሽ ነገር ከሆነ፣ እሱን ዘርዝራ ትጻፈው። ከጠዋት እስከ ማታ ኮድ ብቻ ከሆነ ግን ይቅርብሽ። ሌላ ቦታ ይገኛል። ደብዳቤው የምትሠሪውን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነና ደመወዝሽን ይናገር። ከመሄድሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው፤ ክፍያውን እኔ እችላለሁ። እንዳትከራከሪኝ።

የዲግሪሽን ኦሪጅናል ከእናትሽ ሳጥን ውሰጂ። ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ በእጅሽ ያዢው። ከበረራው 4 ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። ከገባሽ በኋላ አይ ናይንቲ ፎር የሚባለውን የመግቢያ መዝገብሽን ኢንተርኔት ላይ አውጥተሽ ቲኤን የሚል መሆኑንና ቀኑን አረጋግጪ። ፈቃዱ የተሰጠሽ ለዚህ አሠሪ ብቻ ነው። ሌላ ጋ ልሂድ ካልሽ አዲስ ማውጣት አለብሽ፤ በጎን ሥራ እንዳትጀምሪ። እናትሽ ቋንጣ ልትሰጥሽ ነው፣ አትውሰጂ። ስጋ ድንበር ላይ ያጣላል። በርበሬውንና ሽሮውን ያዢ፣ ምን ይዘሻል ሲሉሽም ተናገሪ።

ስለዚያ ልጅም ሰምቻለሁ። እናትሽን አትቆጫት፣ እኔ ነኝ የጎተጎትኳት። ሲያትል መሆኑ አላስከፋኝም። ጥሩ ልጅ ከሆነ አምጪውና ልየው። ብቻ ቲኤን የጊዜያዊ ሥራ ወረቀት ነው። መኮንኑ «ለመቅረት አስበሻል?» ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። ያላሰብሽ እንደሆነ አላሰብኩም በይ። ልትጋቡ ካሰባችሁ ግን እኔን ሳይሆን ጠበቃውን አማክሪ፤ ቀኑ ከመድረሱ በፊት። እዚያ ያለ ሰው አለሽ ወይ ካለሽ አለኝ በይ። በሱ አይታፈርም። ብቻ ድንበር ላይ ያልሆንሽውን አትሁኚ።

ተቆጣሁሽ መሰለኝ። አልተቆጣሁም። ትምህርት ቤት የገባሽ ቀን እጄን አልለቅም ብለሽ መምህርቷ ጣቶችሽን አንድ በአንድ ነበር ያላቀቀቻቸው። ዛሬ የማይለቀው የእኔ እጅ ነው።

ለሰውዬው ገና ምንም እንዳትፈርሚለት። ደብዳቤውን አትመሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሽ ነይ። መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን። ማንበቢያ መነጽሬ አንቺ ቤት ቀርቷል፣ እሱንም እንዳትረሺ።

አባትሽ