ለአንዲት ቀዳዳ ሦስት ቀን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። በአሜሪካ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግድግዳና ኮርኒስ እንድንጠግን ቤታችሁን አምናችሁ ለምትሰጡን ሁሉ ይህን የምንጽፈው አንድ ጥያቄ ስለበዛብን ነው። በስልክም ይመጣል፣ ቡና ላይም ይነሳል። «ግድግዳው ላይ የበር እጀታ የበሳት ቀዳዳ ናት፤ ጡጫ ብታክል ነው። እንዴት ሦስት ቀን ትመላለሱባታላችሁ?»

አይፈረድባችሁም። እኛም ሥራውን ሳንለምድ እንደዚያው ነበር የምናስበው። ስልክ ላይ እየተቆራረጠ ከሚወራ አንዴ ቁጭ ብለን እንጻፈው አልን።

የእዚህ አገር ቤት ግድግዳና ኮርኒስ የሚለበስበት ሰሌዳ ድራይዎል ይባላል፤ በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መሃል የታሸገ ጂፕሰም የሚባል ማዕድን ነው። ሺትሮክ የሚባለውም እሱ ነው፤ የአንድ ፋብሪካ ምርት ስም ነበር፣ የሁሉም መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ለቤት ግድግዳ ብዙ ጊዜ ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለውን እንገጥማለን። በጋራዥና በመኖሪያው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ግን ወፈር ያለውን፣ 5/8 ኢንቹን እንመርጣለን። ጂፕሰም ከክብደቱ 21 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። እሳት ሲነሳ ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ እየወጣ እሳቱ ቶሎ እንዳያልፍ ይይዘዋል። ስለዚህ የጋራዡ ግድግዳ ላይ ያለችን ቀዳዳ በላስቲክ ሸፍናችሁ አትርሷት። ካላችሁ እሷን አስቀድሙ።

ድራይዎሉን መግጠም ቀላሉ ነው። ጊዜ የሚበላው መገጣጠሚያው ነው። አገር ቤት ጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፤ ጭድ ካልገባበት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ምርጊቱ ይመታል። እስኪደርቅ ይጠበቃል። ልስኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እርጥብ ምርጊት ላይ ለመለሰን የሚቸኩል ሰው ቢኖር ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅበት ነበር። እዚህም ያው ነው። ፈረንጆቹ ራሳቸው መገጣጠሚያ የሚሞሉበትን ነገር «መድ» ነው የሚሉት፣ ጭቃ ማለት ነው። የጭዱን ሥራ የሚሠራው ደግሞ የወረቀት ቴፑ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ቀዳዳዋን አራት ማዕዘን አድርገን እናሰፋታለን። «አሰፋችሁት እኮ!» የሚለው ድንጋጤ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከኋላ እንጨት አስገብተን፣ አዲስ ቁራጭ በብሎን አስረን፣ ቴፕ እንለጥፋለን። ለዚህ ለመጀመሪያው ዙር በዱቄት የሚመጣውን፣ ውሃ ሲነካው በ45 ደቂቃ አካባቢ የሚጠነክረውን መድ እንጠቀማለን። እሱ ሲይዝ ሁለተኛውን ዙር ተቦክቶ በባልዲ ከሚሸጠው መድ እንቀባና እንወጣለን። በማግስቱ ሦስተኛውን፣ ስስ የሆነውን እንቀባለን። በሦስተኛው ቀን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ ከቀለም በፊት የሚቀባውን ፕራይመር ቀብተን፣ በቀለም እንጨርሳለን።

«ታዲያ በ45 ደቂቃ የሚደርቅ ካለ ለምን ሁሉንም በእሱ አትጨርሱትም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኛው እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠነክር ማለስለሱ መከራ ነው። የባልዲው መድ ይለሰልሳል፣ ግን የሚጠነክረው ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ብቻ ነው። ለአንድ ዙር ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት ይፈልጋል። የዚህ አካባቢ የሐምሌ አየር ልብስ የሚያጣብቅ ነውና ያኔ ከዚያም ይበልጣል።

ሌላው ነገር፣ ጥገናው ከቀዳዳው በጣም ይሰፋል። ጡጫ የምታክለው ቀዳዳ ሥራው ሲያልቅ የእንጀራ ምጣድ ታክላለች። ቴፑና መዱ ግድግዳው ላይ ትንሽ ጉብታ መፍጠራቸው አይቀርም። ጉብታውን ማጥፋት አይቻልም። በሰፊው እያሳሳን ዓይን እንዳያየው እናደርገዋለን እንጂ። ተንኮል ነው፣ ግን ሙያውም ይኸው ነው።

ጥፋታችንንም እንናገር። አንዴ አንድ ቤተሰብ ለክርስትና ድግስ ተጣድፎ ነበር፤ እኛም እምቢ ማለት አቃተንና ያልደረቀ መድ ላይ ቀለም ቀባን። በድግሱ ቀን ያምር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቀለሙ አኩርፎ ተነሳ፣ ከሥሩም ስንጥቅ ታየ። ያለ ክፍያ እንደገና ሠራነው። ከዚያ ወዲህ «ዛሬውኑ ጨርሱልኝ» ለሚል ሁሉ መልሳችን አይሆንም ነው፤ ሌላ ሠራተኛ እንጨርሳለን ቢላችሁም።

ቀለሙ ላይም የሚያጨቃጭቀን ነገር አለ። የተረፈ ቀለም ጋራዥ ውስጥ አለን፣ እሱን ንኩበት ትሉናላችሁ። ቡና በየሳምንቱ በሚቆላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት ሳሎን ግን ኮርኒሱ ከዓመት ዓመት ይጠይማል። እናንተ በየቀኑ ስለምታዩት አይታወቃችሁም። መሃሉ ላይ ያንኑ ቀለም ስንቀባ ያቺ ቦታ እንደ አዲስ ጥርስ ፍጥጥ ትላለች። ስለዚህ ኮርኒስ ከሆነ ሙሉውን፣ ግድግዳ ከሆነ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እንቀባለን ስንል ገንዘብ ፍለጋ አይደለም። ደብዛዛ ቀለም ጥገናን ይሸፍናል፤ የሚያብረቀርቀው ሁሉንም ያጋልጣል። በትልቅ መስኮት አጠገብ የሚያብረቀርቅ ቀለም የምትፈልጉ ከሆነ ግድግዳው በሙሉ በስስ መድ መለሰን አለበት፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ምጣዱን ቤዝመንት ያወረዳችሁ ደግሞ ይህችን አንብቡ። እንጀራ ሲጋገር የሚወጣው እንፋሎት ብዙ ነው። በብርዱ ወራት ቀዝቃዛው የውጭ ግድግዳ ላይ ሄዶ ውሃ ይሆናል። ቴፑ ይላቀቃል፣ ከዚያ በጥጋጥጉ ጥቁር ነጠብጣብ ይጀምራል። ሻጋታው የሚበላው ወረቀቱን ነው። እኛ ሺህ ጊዜ ብንጠግነው እንፋሎቱ መውጫ ካላገኘ ይመለሳል። አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፋን አስገጥሙ። ለቤዝመንት አዲስ ግድግዳ ስናቆም ደግሞ በወረቀት ፈንታ በፋይበርግላስ (በመስታወት ቃጫ) የተሸፈነውን ድራይዎል እንመክራለን። ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ያዋጣል።

ከላይ ቧንቧ አፍስሶ ኮርኒስ ካረጠበ ጊዜ አትስጡት። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምር ይችላል። ፍሳሹ ሳይጠገን ግን እኛ አንዘጋውም። ቡናማው እድፍም በተራ ቀለም ቢቀባ ተመልሶ ይወጣል፤ እድፍ የሚይዝ ፕራይመር ይፈልጋል።

በጥር ኮርኒሱና ግድግዳው የሚገናኙበት ላይ ስንጥቅ አይታችሁ የደነገጣችሁም አላችሁ። ብዙ ጊዜ ጣሪያውን የተሸከሙት እንጨቶች በብርድ ወራት ቅርጻቸውን ስለሚቀይሩ የሚመጣ ነው፤ ሲሞቅ መልሶ ይገጥማል። ወዲያው ከመሙላት አየሩ እስኪሞቅ ጠብቁት። ስንጥቁ እየሰፋ ከሄደ ወይም በር አልዘጋ ካለ ግን ጉዳዩ የመሠረት ሊሆን ስለሚችል ለእኛ ሳይሆን ለመሐንዲስ ደውሉ።

ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን። የድሮው ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ለልጆች መርዝ ነው። የዚያን ዘመን መድም ሳንባ የሚጎዳው ቃጫ፣ አስቤስቶስ፣ ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሳይመረመር ፍተጋ አንጀምርም። ክፍሉ በላስቲክ ሲታሸግ «ይህን ያህል?» አትበሉን።

ስለ ክፍያ አጭር ነገር። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እድሳት የሚሠራ ሰው ከስቴቱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ውል ሲፈረምም ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀብድ መቀበል አይፈቀድም። ግማሹን አምጡ የሚላችሁ ካለ፣ እኛም ብንሆን፣ እምቢ በሉ።

ፎቶ ስትልኩልን ቀዳዳዋ አጠገብ አንድ ኳርተር (የ25 ሳንቲም ሳንቲም) ይዛችሁ አንሱ፤ መጠኗን የምናውቀው በእሱ ነው። ራቅ ብላችሁም ሙሉ ግድግዳውን አንሱልን። ለፋሲካ ወይም ለልደት ድግስ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ደውሉ። ዋዜማው ላይ ከደወላችሁ የምናመጣላችሁ ሥዕል መስቀያ ሚስማር ብቻ ነው፤ ቀዳዳዋን በሥዕል ሸፍነን ከድግሱ በኋላ እንመለስባታለን።

አክባሪዎቻችሁ፣
ባለቤቱና ሠራተኞቹ