ከሂትሮው ጥግ የተጻፈ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ጠፍቶ «እንደምን ከርመሃል» የሚለኝ ሰው ቢመጣ እኔም ፊት እነሳው ነበር። እማማ ባረፉ ጊዜ በስልክ እንኳ አላስተዛዘንኩህም። ከዚያ በኋላ ደግሞ እፍረቱ ያዘኝና፣ በቆየሁ ቁጥር መደወሉ እየከበደኝ ሄደ። ነፍሳቸውን ይማር።

ዛሬ ያስጻፈኝ የአቡሴራው ወሬ ነው። እቴቴ መሬቷ ለአዲሱ የቢሾፍቱ ኤርፖርት ስለተፈለገ ተነሺ ሆነች አሉኝ። የሰማሁት ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ነው፤ ሳልተኛ ዋልኩ።

የምኖርባት መንደር ሃርመንድስዎርዝ ትባላለች፤ የለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት አጥር ጥግ ናት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ግድም የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲያርፍ መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ሲኒዎች ይንጫጫሉ። በሰሜን ኤም 4፣ በምዕራብ ኤም 25 የሚባሉት አውራ ጎዳናዎች፣ በደቡብ ደግሞ ድሮ ሠረገላ ይመላለስበት የነበረው የባዝ መንገድ ያልፋል። ዓለም በሙሉ በአጠገባችን ይተላለፋል፣ እኛ ግን ዝናብ ላይ ቆመን አውቶቡስ እንጠብቃለን! ባቡር ስፈልግ ዌስት ድሬይተን እወጣለሁ፤ ከ1838 ጀምሮ ባቡር የሚቆምበት ጣቢያ ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። ከ2022 ወዲህ የኤልዛቤት መስመር ሳልቀይር ለንደን መሃል ያደርሰኛል።

ሂትሮው ራሱ የመንደር ስም እንደነበር ታውቃለህ? አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ነበሩበት። በ1944 ለጦር አውሮፕላን ተብሎ መሬታቸው ተወሰደ። ጦርነቱ አለቀና በ1946 የመንገደኛ ኤርፖርት ሆኖ ተከፈተ። መሬቱ አልተመለሰም፤ የተረፈው ስሙ ብቻ ነው።

አሁን ተራው የእኛ ይመስላል። ለሦስተኛው ማኮብኮቢያ 783 ቤት ይፈርሳል ተብሎ ተቆጥሮ ነበር፣ የዚህ መንደር ቤቶችም አሉበት። ፓርላማው በ2018 አጸደቀው፣ ኮቪድ መጣና ተንጠለጠለ፣ በ2025 መንግሥት እንደገና ደገፈው። ጎረቤቴ ጣሪያው እያፈሰሰ «ለማን ብዬ ላድሰው?» ይላል። እንደ እኔ ከመፍረሱ ይልቅ ይሄ መጠበቁ ይብሳል።

እሑድ ዕለት ትልቁን ጎተራ ለማየት ገባሁ። ዊንቸስተር የተባለው ትምህርት ቤት በ1426 እና 1427 ያሠራው ነው፤ መንደሩ ያኔ ርስቱ ነበር። ርዝመቱ 60 ሜትር ግድም ነው። የኦክ ምሰሶዎቹ በድንጋይ ላይ በሁለት ረድፍ ቆመዋል፣ አብዛኛው እንጨት የያኔው ነው። የእህል ቤት መሆኑን ባላውቅ ኖሮ ጫማዬን አወልቅ ነበር። የሚያስጎበኙት አሮጊት ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ኤርፖርት» ማለት አፈርኩ፤ «ሌሊት ነው የምሠራው» አልኳቸው። እንጀራዬ ከዚያው ነው፣ ምን ልበል? ማታ ማታ የአዲስ አበባው በረራ ሲነሳ ቀና ብዬ ሳላይ አላልፍም።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ቡልዶዘር ሳይገባ አቡሴራ ውረድና የእቴቴን ጓሮ ፎቶ አንሳልኝ፤ በተለይ አንተ የወደቅክባትን ሾላ። እቴቴ ከሥሯ ትቀመጥልህ፣ እምቢ ካለችህ እኔ ነኝ ያልኩት በላት። ስልኬ የድሮው ነው።

ወንድምህ