የክበባት ዘገባ፦ የሙዚቃ መሣሪያዎች ጥገና ክበብ

ክበቡ ዘንድሮም ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲሰበሰብ ቆይቷል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንደ ወትሮው በክር ቅየራና በገመድ ጥገና አለቀ። ሁለተኛው ግን ሙሉ በሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ዋለ፦ ይህ ኤሌክትሪክ ጊታር መቼ ተሠራ?

ቀላሉ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት የወጣው ኢባኔዝ ነበር። አንገቱን በያዘው የብረት ሳህን ላይ «ሲ 78» ብሎ የሚጀምር ቁጥር ተመትቷል። በዚያ ዘመን የኢባኔዝ ቁጥር ላይ ፊደሉ ወር ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ኤል ዲሴምበር። ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች ዓመቱ ናቸው። ስለዚህ ማርች 1978፣ በእኛ 1970 ዓ.ም.። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ያደከመን ከአንድ ወላጅ በውሰት የመጣው ፌንደር ስትራቶካስተር ነው። ሳህኑ ላይ ትልቅ የኤፍ ፊደልና ስድስት አኃዝ አለ። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ዓመት ይናገራል፤ እኛ አናምነውም። ኤፍ ያለባቸው ሳህኖች ከ1965 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ተገጥመዋል። ሠራተኞቹ ከሳጥን ያገኙትን ስለሚያነሡ የቁጥሩ ተራ የምርት ተራ አይደለም። ደግሞስ አራት ብሎን ፈትቶ ሌላ ሳህን መግጠም ማንን ያቅታል? ቅርጹ ይሻላል፦ ሰፊው ጭንቅላት (የክር መወጠሪያዎቹ ያሉበት የአንገቱ ጫፍ) ከ1965 መጨረሻ ወዲህ፣ ባለ አራት ብሎን አንገት ደግሞ ባለ ሦስቱ ከመጣበት ከ1971 መጨረሻ በፊት መሆኑን ይነግረናል። የስድስት ዓመት ክፍተት ቀረ፤ እሱን ለማጥበብ መፍታት ግድ ሆነ።

ከመንካት በፊት ፎቶ ይነሣል። ክሮቹ ሁሉም በየተራ ጥቂት ጥቂት ይላላሉ፤ አንዱን ብቻ ጨርሶ ማላላት አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያስጨንቀዋል። የፊቱ ፕላስቲክ በ11 ትንንሽ ብሎኖች ተይዟል። ካቻቪቴው የብሎኑን መስቀል በልክ ካልሞላ ጭንቅላቱን ይበላዋል። የወጣው ብሎን ሁሉ ካርቶን ላይ በቦታው ይሰካል።

ፕላስቲኩ ሲገለበጥ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ፣ ጥገና ቤት «ቮሊዩም» የሚባሉት፣ ጀርባቸው ይታያል። ሁለቱ ላይ 1376613 ተመትቷል። 137 የአምራቹ የሲቲኤስ መለያ ነው፤ 304 ቢሆን ስታክፖል ይሆን ነበር። 66 ዓመቱ፣ 13 ሳምንቱ፤ ማርች 1966 መጨረሻ ገደማ ማለት ነው። ሁለት ተማሪዎች መዝገቡ ላይ «1966 ዓ.ም.» ብለው አስፍረው ጊታሩን የየካቲት 66 ሰው አደረጉት! ትክክለኛው መጋቢት 1958 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመዝገቡ ቅጽ ለሁለቱም አቆጣጠር የተለያየ ዓምድ አለው።

ሦስተኛው ቮሊዩም ላይ ይህ ኮድ የለም፤ ሽቦው የተበየደበት ሶልደርም እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ የሁለቱ ግን ደብዝዟል። ተቀይሯል ማለት ነው፤ ለዕድሜ ምስክር አይሆንም።

ቢሆንም 1966 እ.ኤ.አ. የጊታሩ ልደት አይደለም። ኮዱ የሚነግረን ቮሊዩሙ የተሠራበትን ጊዜ ነው። ፌንደር በ1966 እጅግ ብዙ ቮሊዩም በአንድ ጊዜ ገዝቶ እስከ አሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ድረስ ሲገጥም ኖሯል። መልሱ የመጣው አንገቱ ሲፈታ ነው። አራቱን ብሎኖች ካወጣን በኋላ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ፤ ቀለም ከያዘው በኃይል ማወዛወዝ የእንጨቱን ጠርዝ ያስቆርሳል። ተረከዙ ላይ፣ ማለትም ከአካሉ ጋር በሚጋጠመው ጫፍ፣ «22 ኦክት 68 ቢ» የሚል ማኅተም አለ። ቀኑ 22 ነው ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ ግን 22 የሞዴሉ ቁጥር ነው፣ ቢ ደግሞ የአንገቱ ስፋት መለኪያ ነው፤ 41 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቀን የለውም፤ ወርና ዓመት ብቻ። ማኅተሙን በአልኮል መጥረግ ክልክል ነው፤ ቀለሙ ይለቃል።

ጊታር ከመጀመሪያ ዕቃዎቹ መካከል በመጨረሻ ከተሠራው አይቀድምም። አንገት ተሠርቶ እስኪገጠም ሳምንታት ወይም ወራት ሊቆይ ስለሚችል ቅጹ ላይ «1968 መጨረሻ ወይም 1969 መጀመሪያ» ብለን ጻፍን። በእኛ ዓምድ ግን ሁለቱም አንድ ዓመት ላይ ወደቁ፤ 1961 ዓ.ም.።

ሲገጠም አንድ ጉዳት ታየ። ፕላስቲኩ በችኮላ ተነሥቶ ስለነበር ወደ ገመዱ መሰኪያ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል። ተበይዷል፤ ባለቤቱም አውቀዋል። ወደፊት የሚከፍተው ሰው የሚያብረቀርቀውን ሶልደር አይቶ መሰኪያው ተቀይሯል እንዳይል፣ ቀኑና የተነካው ቦታ የተጻፈበት ካርድ በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ተለጥፏል።