ቅሬታ፦ «ሁሉንም ኮምፒውተር ይክፈቱ» ተብዬ ስለጠፋብኝ የሙዚቃ ፋይል

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ግልባጭ፦ «ችግር ካለ እኔ አለሁ» ላሉኝ የሽያጭ ሠራተኛ

ጤና ይስጥልኝ።

የደንበኛ ቁጥሬም የቲኬት ቁጥሬም እናንተ ጋ ስላለ አልደግመውም። ምን እንደጠፋ፣ መቼ እንደጠፋ፣ ስንት ኮምፒውተር እንዳለኝም አልዘረዝርም። በአጭሩ፣ ከካሴት የቀዳኋቸውን ሙዚቃዎች በእኔና በእህቴ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት አድርጎ እንዲያቆይ የምከፍልበት ማመሳሰያ ፕሮግራማችሁ ፋይሎቹን አጥፍቶብኛል። ዝርዝሩን በራሱ መልስ ለሚሰጠው ቦታችሁ ነግሬዋለሁ። ቦቱ «ለባለሙያ አስተላልፌያለሁ» ብሏል። ባለሙያው ደግሞ «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ብሎኛል። ከመጀመሪያው መናገር ሰልችቶኛል።

ዛሬ የምጽፈው ትናንት ማታ በላካችሁልኝ መልእክት ምክንያት ነው። «የተሰረዙ ፋይሎችን ለማስመለስ ወደ ከፍተኛው ጥቅል ያሳድጉ» ይላል። ከሥሩ የሚያጨበጭቡ እጆች አሉበት። ለማን እንደሚጨበጨብ አልገባኝም።

እንግዲህ ፋይሎቹን ለማስመለስ ብላችሁ ስለደወላችሁልኝ ጥሪ እናውራ። «ጥሪው ለአገልግሎት ጥራት ይቀዳል» ተብያለሁና ቅጂውን አውጥታችሁ ከምጽፈው ጋር ማመሳከር ትችላላችሁ። ማመሳሰል ሥራችሁ አይደል።

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የደወለልኝ ልጅ ትሑት ነበር፣ አልዋሽም። ስሙን አልጽፍም።

«ጋሼ፣ ምንም አያስቡ። ፋይሉ እኛ ሰርቨር ላይ አለ» አለኝ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«መቶ በመቶ። የተሰረዘ ነገር 30 ቀን ቅርጫት ውስጥ ይቆያል። እርስዎ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ሁሉንም ኮምፒውተሮች ይክፈቱና ኢንተርኔት ላይ ያድርጓቸው። ከዚህ ስለቀው በአንዴ ለሁሉም ይደርሳል።»

እዚህ ላይ አስቆምኩት። ይህንን በደንብ አንብቡልኝ። እንዲህ አልኩት፦ «የእህቴ ኮምፒውተር ቨርጂኒያ ነው ያለው። ይሄ ነገር ከመፈጠሩ በፊት ጀምሮ ተዘግቶ ነው የተቀመጠው። እሱ ላይ ያለው ሙሉው ነው፣ አልተነካም። እሱን ባንከፍተው አይሻልም? ወይ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ትክፈተውና ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ትገልብጥልኝ።»

«አይ ጋሼ፣ እሱ ካልተከፈተ ሲስተሙ አይሟላም። አይጨነቁ፣ መጀመሪያ የሚያየው የኛን ሰርቨር ነው።»

እኔ የሶፍትዌር ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ማስተማር ነው። ግን ጥያቄውን ጠይቄያለሁ። መልሱን የሰጠኝ የእናንተ ሰው ነው።

እህቴ ወደ ሥራ ለመውጣት እየተጣደፈች ነበር። በቪዲዮ ደወልኩላትና ስልኳን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረችልኝ። ፎልደሩን ከፈተች። ሁሉም አለ። አጎቴ አለ፣ ሰርጎቹ አሉ፣ የክራሩ ፎልደር አለ። ከዚያ ዋይፋዩን አገናኘች። የፕሮግራማችሁ አረንጓዴ ምልክት ጥግ ላይ መሽከርከር ጀመረች። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ መስመር ጠፋ። ቀጥሎ ሦስት አራት አንድ ላይ ጠፉ። የታችኞቹ ወደ ላይ እየተሳቡ ክፍተቱን ይሞሉታል፣ እነሱም ይጠፋሉ። እህቴ «ቆይ፣ ይሄ እየመጣ ነው ወይስ እየሄደ ነው?» አለችኝ። «ንቀዪው! ዋይፋዩን ንቀዪው!» እያልኩ ጮህኩ። ራውተሩ ያለው ምድር ቤት ነው። ወርዳ ነቅላ እስክትመለስ የክራሩ ፎልደር ባዶ ሆኗል። አረንጓዴዋ ምልክት ግን «ሁሉም ኮምፒውተሮች ተመሳስለዋል» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ሁሉም ባዶ ሆነዋል።

ወዲያው መልሼ ደወልኩ። ያው ልጅ አነሳው። «እንዴ፣ እንደሱ መሆን አልነበረበትም» አለ። ኪቦርዱን ሲነካካ ይሰማኛል። ዝም አለ። ከዚያ ምን አለኝ መሰላችሁ?

«ጋሼ፣ ግን እነዚህ ዘፈኖች ዩቲዩብ ላይ የሉም እንዴ?»

የሉም! ዩቲዩብ ላይ ቢኖሩ ለናንተ ምን ብዬ እከፍላለሁ? አጎቴ ደሴ ሲዳር አዝማሪው ሙሽራውን በስም እየጠራ፣ ሚዜዎቹን ተራ በተራ እየሸነቆጠ የተጫወተው የትኛው ቻናል ላይ ነው የሚገኘው? ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከሥራ ባልደረባ ለምኜ የሰበሰብኳቸው ካሴቶች ናቸው። አንዳንዱ ካሴት ከውስጡ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ ተነቅላ ድምፁ ታፍኖ ነው የሚመጣው። ከሌላ ካሴት አውጥቼ በወረንጦ ለጥፌላታለሁ። አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት 60 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ አቋራጭ የለውም። ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ነው የቀዳሁት። ካሴቶቹን ደግሞ ለባለቤቶቻቸው መልሻለሁ። ከፊሎቹ ባለቤቶች በሕይወት የሉም፣ ካሴቱ የት እንደገባ ልጆቻቸውም አያውቁም።

እና «ዩቲዩብ ላይ የሉም እንዴ»።

ልጁን ግን እንዳትቀጡብኝ። የሰጣችሁትን ነው ያነበበው። እኔን ያናደደኝ እንዲህ ያለውን ምክር ጽፎ የሰጠው ሰው ነው።

አሁን ፋይሎቹ መጀመሪያ ለምን እንደጠፉ ልንገራችሁ። እናንተ «ያልተጠበቀ ክስተት» ብላችሁ አልፋችሁታል። ኮምፒውተር ያጠናው የወንድሜ ልጅ ግን አንድ ምሽት ተቀምጦ አገኘው። ባለፈው ማሻሻያችሁ «ተደጋጋሚ ዘፈኖችን አጽዳ» የሚል ነገር አስገብታችኋል። ሳትጠይቁ ነው ያበራችሁት። ይሄ ማጽጃ የአማርኛ ፊደል ማንበብ አይችልም። እያንዳንዱን ፊደል የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ የጥያቄ ምልክት ስለማይፈቅድ ፕሮግራማችሁ በሰረዝ ይተካዋል። ስለዚህ «ትዝታ» ሦስት ሰረዝ ሆነ። «አገሬ»ም ሦስት ሰረዝ ሆነ። «እናቴ»ም እንደዚያው። ዘፋኙም ሰረዝ፣ አልበሙም ሰረዝ። ማጽጃው «ኦ፣ እነዚህማ አንድ ናቸው» ብሎ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ጠረገ። ከዚያ ማመሳሰያው በታማኝነት መጥረጉን ለሁሉም ኮምፒውተር አደረሰ።

ደግሞ ትዝታ! ትዝታ እኮ ቅኝት ነው። እንደ ባቲ፣ እንደ አምባሰል፣ እንደ አንቺ ሆዬ። ትዝታን ያልተጫወተ ድምፃዊ ፈልጉና አምጡልኝ። እኔ ጋ በዚያ ስም የተቀመጠው ሁሉ የተለያየ ሰው፣ የተለያየ ዘመን፣ የተለያየ መሣሪያ ነው። አንዱ ሦስት ደቂቃ ነው፣ አንዱ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ፕሮግራማችሁ ርዝመቱን እንኳን አላየም። የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራው ፕሮግራም ትዝታን «ተደጋጋሚ» ሲል ምን ይባላል?

«የአማርኛ ፊደል አስቸጋሪ ነው» እንዳትሉኝ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እኔ ያስቀመጥኳቸው ፋይሎች ፍላክ የሚባለው፣ ድምፁን ጥራቱ ሳይጓደል አሳንሶ የሚያስቀምጠው ዓይነት ናቸው። ፍላክ ላይ የዘፈኑ መረጃ የሚጻፈው ዩኒኮድ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8 ብቻ ነው፣ ሌላ ምርጫ የለውም። ማለትም ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ በትክክል ተቀምጧል። ያበላሸው የእናንተ ማጽጃ ነው። ሲንክቲንግ የሚባለው በነፃ የሚገኝ ማመሳሰያ ፕሮግራም በፋይሉ ውስጥ ያለውን ነገር ራሱን ያነጻጽራል። የተሰረዘውንም ለብቻ ፎልደር እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል። ነፃ ነው እኮ። እናንተ በየዓመቱ ታስከፍላላችሁ።

«ለምን ሌላ ቅጂ አልያዙም?» ብሎ የጻፈልኝም አለ። ይዤ ነበር። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነበረኝ። እሱንም ወደ ማመሳሰያው እንዳስገባ የመከሩኝ የሽያጭ ሠራተኛችሁ ናቸው። «አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለልዎት» ብለው። ማመሳሰል ማለት ግን መጠባበቂያ መያዝ አይደለም። አንዱ ጋ የጠፋ ሁሉም ጋ ይጠፋል። ይህንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ማስታወቂያችሁ ላይ ግን «ሙዚቃዎ ለዘላለም ደህንነቱ የተጠበቀ ነው» ብላችሁ ለጥፋችኋል።

አንዴ ከጀመርኩ ደግሞ የቆየውንም ልናገር፣ ታፍኜ ነው የከረምኩት።

«ያለ ኢንተርኔት በቤት ዋይፋይ ይሠራል» ብላችሁ ነበር። አይሠራም። ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፋይሉ በኢንተርኔት ወደ እናንተ ሰርቨር ሄዶ ነው የሚመለሰው። የአንድ ሰዓት ካሴት ሳይታመቅ ከ600 ሜጋባይት በላይ ነው። በፍላክ ቢቀንስ ግማሽ ያህሉ ነው። ፓኬጄ በወሩ አጋማሽ እያለቀ «ልጆቹ ቪዲዮ እያዩ ነው» ብዬ ልጆቹን ስቆጣ ነበር። እነሱንም ይቅርታ ጠይቁልኝ።

የዘፋኞቹን ስም በአባት ስም ነው የምትደረድሩት። ማን ነው እዚህ አገር ዘፋኝ በአባቱ ስም የሚፈልገው?

ለመኪና የማወጣቸው ኤምፒ3ዎች ርዕሳቸው አሥር ፊደል ላይ ይቆረጣል። በድሮው የመረጃ አጻጻፍ ስለምትጽፉት ነው። እሱ ለርዕስ የሚሰጠው 30 ባይት ነው፣ አንድ የእኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ይህንንም ጽፌላችሁ «አስተያየትዎን እናከብራለን» ተብያለሁ።

ዊንዶውሱ ላይ የሠራሁት ፕሌይሊስት ማኩ ላይ ሲከፈት ዘፈኖቹ ሁሉ ግራጫ ይሆናሉ፣ አይጫወቱም። ፋይሉ ያለበትን አድራሻ ከነ «ሲ» ድራይቩ ቀጥታ ስለምትገለብጡት ነው። ማክ ላይ «ሲ» የለም።

ቴሌግራማችሁ ላይ መልእክት ስልክላችሁ መነበቡን የሚያሳየውን ሁለት ምልክት አያለሁ፣ ከዚያ ዝምታ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ፋይሉ ከጠፋ በኋላ ከእህቴ ካርድ የዓመት እድሳት ቆርጣችኋል። የምታመሳስሉት ነገር ሳይኖር።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ የጠየቅኩት የአንድ ወር ክፍያ እንዲመለስልኝ ነበር። እሱ ቀርቷል። አሁን የምጠይቀው ይሄ ነው። ፋይሎቼ ሰርቨራችሁ ላይ አሉ ወይስ የሉም? በጽሑፍ፣ በአንድ መስመር መልሱልኝ። ካሉ ያለ ምንም ተጨማሪ ክፍያ መልሱልኝ። 30 ቀን ይቆያል የተባለው እኔ ለገዛሁት ጥቅል ነው፣ ልጁ «ከፍተኛ ጥቅል» የሚል ቃል አልወጣውም፣ ቅጂውን ስሙት። ቀኑ እየሄደ ስለሆነ ቅርጫቱ እንዳይጸዳ ዛሬውኑ አስቁሙት። ከሌሉ ደግሞ የሁለታችንንም የዓመት ክፍያ፣ የተቆረጠውን እድሳት ጨምሮ፣ ሙሉ በሙሉ መልሱ። ማጽጃውንም ለሁሉም ደንበኛ አጥፉት። በአማርኛ የጻፈ ሰው እኔ ብቻ አልሆንም፣ ዛሬ ሳያውቅ እየጠፋበት ያለ ይኖራል።

እስከሚቀጥለው ዓርብ መልስ ካላገኘሁ እህቴ ክፍያውን በባንኳ በኩል ትከራከራለች። እኔም በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለንግድ ቢሮ አመለክታለሁ። ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። «መቶ በመቶ» የተባልኩት ትክክለኛ መረጃ ይሁን አይሁን እነሱ ይዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ ላፕቶፕ ዲስኩ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ የሚባለው ስለሆነ ከሱ ላይ የሚተርፍ ነገር የለም፣ ከሰረዘ በኋላ ራሱ ያጸዳዋል ተብያለሁ። የእህቴ ግን አሮጌ ነው፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው ያለው። ያኔውኑ አጥፍታው እዚያው ቨርጂኒያ የጠፋ ፋይል ለሚያወጣ ባለሙያ ሰጥታለች። ዋጋው ቀላል አይደለም። ደረሰኙ እንደደረሰኝ እልክላችኋለሁ፣ ከፋዮቹ እናንተ ናችሁ።

ስትደውሉ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ (እስከ ዓርብ)